አራተኛው መስመር

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ ደወሉም የኔ፣ ቁልፉም የኔ፣
የአርፋጁ መዝገብ፣ የፕላስተሩ ሣጥን፣ የጠፋ ጓንት ሁሉ ከጎኔ።
ከመስኮቴ ማዶ የስንዴ ማሳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለሙ አቧራ፤
የሜልቦርን ባቡር ሳይቆም የሚያልፈን፣ ከካርታው ጫፍ ላይ በስሱ የምንጠራ።
ሰባ አንድ ልጆች፣ አራት ክፍል፣ አንድ የኖራ ዮሴፍ በበሩ ላይ፣
አፍንጫው በኳስ የተሰበረ፣ ዓይኑ ግን ሁሉን የሚያይ።

በጥር፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ሚስስ ኬሊሃር ወረቀት ሰቀለች፤
‹የዓመቱ ትኩረት› ብላ ከላይ፣ በቀይ ቀለም አሰመረች፦
አንደኛ፣ ንባብ። ሁለተኛ፣ ቁጥር። ሦስተኛ፣ ባልንጀራን ማክበር።
ሰባት ጊዜ አተምኩት፤ ማሽኑ ወረቀት ሲበላ በጡጫ እለው ነበር።

ወላጆች መጡ። ሺጂ፣ የኬረላዋ ነርስ፣ ከሌሊት ተረኛ ዓይኗ እንደቀላ፤
ታፊሪ፣ ማዎሪው በግ ሸላች፣ ካልሲው ተቀዶ፣ ቆሞ ከኋላ።
አንዱ ‹ንባብ ይቅደም› አለ፣ አንዱ ‹ሒሳብ›፤ ሌላዋ ‹ጸሎቱስ?› ብላ ጠየቀች፤
ሚስስ ኬሊሃር ሻይ እየቀዳች ‹ሁሉም ላንድ ገበታ ነው› አለች።

የገበታው ነገር እውነት ነው። ሐሙስ ምሳ አንድ ላይ ነው፤
ትልቁ ልጅ ለትንሹ ብርቱካን ይልጣል፤
ያልቋጠረ ካለ፣ ማንም ሳይጠይቅ ግማሽ ዳቦ ከፊቱ ይቀመጣል።
በግ የተሸጠበት፣ ውኃ በቦቴ የሚገዛበት ቤት የማን እንደሆነ
ልጆቹ ያውቃሉ፤ አፋቸው ግን እንደ ድስት ተከደነ።

ሎርከን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አባቱ መንጋውን የሸጠ ሰሞን ምላሱ ተሳሰረ፤
ቃሉ ከአፉ ደጃፍ፣ እንደ እልኸኛ በግ፣ አራት እግሩን ተክሎ ቀረ።
ባለሙያ አስመጣን፤ መጣች፣ ሁለቴ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎሜትር ነድታ፤
ከዚያ በጀቱ አለቀ። (ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ማታ።)

ታዲያ ሎርከን በምሳ ሰዓት ካትክልተኛው ጋር መቀመጥ ለመደ፤
ከዛኔላ ጋር፤ ወይን ሊለቅም በወጣትነቱ ከጣልያን መጥቶ፣
የዚህን አገር ፊደል ሳይቆጥር ዕድሜው ከሄደ።
ሁለቱም ባንድ መጽሐፍ፣ ሁለቱም በጣት፣ ከቃል ወደ ቃል እየዘለሉ፤
አይ፣ አልዘለሉም። አንዱ ሲቆም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤
ከባዶው የውኃ ታንከር ጥላ ሥር ይውላሉ።

በሚያዝያ፣ ለዮሴፍ በዓል ንባብ ሲታደል፣ ሎርከን እጁን አነሣ።
መምህሩ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ መስኮት፤ ስሙን ግን ጻፍኩት፣ እንዳልረሳ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ ገበሬው ሁሉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤
ሎርከን በርጩማ ላይ ቆሞ ያነባል፣ የሸሚዙን ጫፍ በጡጫው ሸሽጎ።
አራት ዐረፍተ ነገር አለፈ። አምስተኛው ላይ
‹ዝ—› አለ።
‹ዝ—›
ቆመ።

ማንም አልሞላለትም። ሺጂ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አሳረፈች፤
አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከንፈሯን በመዳፏ ከደነች።
ቃሉን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ያተምኩለት፣ በትልቅ ፊደል፤
አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ሰው ከሰው አፍ አይነጥቅም ዕድል።
ዛኔላ ከኋላ ወንበር ጣቱን አየር ላይ ቀስሯል፣
ከማይታይ ቃል ሥር አኑሯል።
ያኔ ገባኝ፦ ይህ ሕዝብ ያንኑ ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበቀ፤
ቀና እያለ፣ ዝም እያለ፣ መቆየትን ከማሳው ዐወቀ።

‹ዝናብ።›

አለ ሎርከን። ካንዱ ጥግ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቀ፤
ቄሱም ሳቁ፣ ልጁም ሳቀ፤ ከዚያ ንባቡን እስከ ዳር ዘለቀ።

አልዘነበም። ያን ቀንም፣ በሳምንቱም።

ሰኞ በር ስከፍት፣ ከሦስተኛው መስመር በታች የጎበጠ የእርሳስ ጽሕፈት አየሁ፤
‹አራተኛ፣ መጠበቅ›፤ አንዷ ፊደል ተገልብጣ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁ።
‹ይጥፋ?› አልኳት ሚስስ ኬሊሃርን። ‹እንደገና አትሚው› አለች፣ ‹አራቱንም።›
ማሽኑ ወረቀቱን በላው።
ቆምኩ። አልመታሁትም።